ሟች የሚሠራው መርዝ

አይሶኒያዚድን በውሃ አሟሙታችሁ፣ እንዲያጠፋው የሚፈለገውን የቲቢ ባክቴሪያ ኢንዛይም ለብቻው አውጥታችሁ ብትጨምሩበት፣ ኢንዛይሙ ምንም እንዳልመጣበት ሥራውን ይቀጥላል። ከሰባ ዓመት በላይ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ምሰሶ ሆኖ የኖረ መድኃኒት ከዒላማው ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ አይነካውም። ያንኑ መድኃኒት በሕይወት ላለና እየተራባ ላለ የቲቢ ባክቴሪያ ስጡት፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከአንድ ሚሊዮንኛ ግራም እጅግ ያነሰ መጠን ይበቃዋል። ልዩነቱን ያመጣው ባክቴሪያው ራሱ ነው። መርዙን የሚሠራው ሟቹ ነው።

እንዲህ ያለውን መድኃኒት ባለሙያዎች ፕሮድራግ ይሉታል። ሲዋጥ ገና መድኃኒት አይደለም፤ በሚደርስበት ቦታ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ሊጨርሰው ይገባል። ብዙዎቹ ፕሮድራጎች የሚጨረሱት በእኛው ጉበት ወይም ደም ውስጥ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ጥቂቶቹ፣ ባክቴሪያው ውስጥ ገብተው በባክቴሪያው እጅ ስለሚጨረሱት ነው። እንደ ሥራ ከታዩ፣ በመድኃኒት ዓለም ከእነዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር አላውቅም።

በየጤና ጣቢያው ቲቢ ለተገኘበት ሰው ለመጀመሪያው ሁለት ወር የሚሰጠው ኪኒን አራት መድኃኒት በአንድ ይዟል፦ ሪፋምፒሲን 150 ሚሊ ግራም፣ አይሶኒያዚድ 75፣ ፒራዚናማይድ 400፣ ኢታምቡቶል 275። ታማሚው የሚያውቀው ሪፋምፒሲንን ነው፤ ሽንት ስለሚያቀላ “መድኃኒቱ እየሠራ ነው” ያሰኛል። አይሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ ግን የሚታይ ነገር የላቸውም። በዚያች ኪኒን ውስጥ ሳይጨረሱ የገቡት ሁለቱ እነሱ ናቸው።

አይሶኒያዚድ እዚህ ግባ የማይባል ትንሽ ሞለኪውል ነው። ሃይድሮጅኖቹን ካልቆጠርን ዐሥር አቶም ብቻ ነው፦ አምስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን የሠሩት ባለስድስት ማዕዘን ቀለበት፣ ከናይትሮጅኑ ትይዩ የተሰካ ኦክስጅን የያዘ ካርቦን፣ ከዚያ በኋላ ተከታትለው የተንጠለጠሉ ሁለት ናይትሮጅኖች። ይኸው ነው። ጭራ ያለው ቀለበት ብሎ መሳል ይቻላል። ትንሽነቱ ጠቅሞታል። የቲቢ ባክቴሪያ ማይኮሊክ አሲድ በሚባሉ ረጃጅም የሰባ ሰንሰለቶች የተሸፈነ፣ ሰም እንደተቀባ የሚቆጠር ተሕዋስ ነው፤ ብዙ አንቲባዮቲክ እዚያ ሽፋን ላይ ይቀራል። ይህ ሞለኪውል ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ሰርጎ ይገባል።

ውስጥ የሚጠብቀው ካትጂ የሚባል ኢንዛይም ነው። ካትጂ መሐሉ ላይ ብረት የያዘ ሂም አለው፤ ሥራውም ባክቴሪያውን ከሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ማዳን ነው። ይህን ለመረዳት የቲቢ ባክቴሪያ የት እንደሚኖር ማስታወስ ያስፈልጋል። የሚኖረው ሊበላው በመጣ ነጭ የደም ሴል ሆድ ውስጥ ነው። ነጩ ሴል የዋጠውን ተሕዋስ በፐሮክሳይድ ያቃጥላል፤ ባክቴሪያው ደግሞ በካትጂ ፐሮክሳይዱን ውሃና ኦክስጅን አድርጎ ያረክሰዋል። እንግዲህ ካትጂ ለባክቴሪያው ጌጥ አይደለም፤ ሳንባችን ውስጥ የሚያሳድረው ጋሻው ነው።

አይሶኒያዚድ በዚህ ጋሻ ላይ ያርፋል። ካትጂ በፐሮክሳይድ ተቀስቅሶ ለሥራ በተዘጋጀበት ቅጽበት ከሂሙ ጎን ሲያገኘው፣ እንደ ሥራው ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል። ሁለቱ ናይትሮጅኖች ከጭራው ተቆርጠው ይሄዳሉ። የሚቀረው ቀለበቱና ኦክስጅን የያዘው ካርቦን ነው፤ ካርቦኑ ግን አሁን ጥማድ የጎደለው ኤሌክትሮን ተሸክሟል። እንዲህ ያለ ቁራጭ ዕድሜው እጅግ አጭር ነው፤ በአቅራቢያው ባገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ደስ ይለኛል። ቁራጩ ዲኤንኤውንም፣ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉንም እየነካካ ቢያልቅ ኖሮ አይሶኒያዚድ ተራ መርዝ በሆነ ነበር። በሽታውን የሚያድነው ግን ኤንኤዲ ከሚባለው ሞለኪውል ጋር ሲገጥም ነው። ኤንኤዲ ሴሎች ሁሉ ሃይድሮጅን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያቀብሉበት ተሸካሚ ነው፤ ሃይድሮጅኑን የሚይዘውም ከራሱ ቀለበት በአራተኛው ካርቦን ላይ ነው። የአይሶኒያዚድ ቁራጭ የሚጣበቀው በዚያው በአራተኛው ካርቦን ላይ ነው። ሃይድሮጅን የሚጫንበት ቦታ ላይ ሌላ ቀለበት ተጫነበት ማለት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ኢንዛይም እንመለስ፤ ስሙ ኢንኤችኤ ነው። ማይኮሊክ አሲዱን የሚያስረዝመው የሥራ ሰንሰለት ውስጥ አንዱን እርምጃ ይሠራል፤ ለዚያም በየጊዜው ሃይድሮጅን የጫነ ኤንኤዲ ወደ ጎድጓዳው ያስገባል። ተሸካሚውን ለመቀበል የተቀረጸ ጎድጓዳ ስለሆነ፣ ቀለበት የተጫነበትንም ኤንኤዲ ሳይጠረጥር ያስገባዋል። በ1998 (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የነሮዝዋርስኪና የሳኬቲኒ ቡድን የዚህን ጥምረት ክሪስታል በኤክስሬይ አይቶ ምስሉን አሳተመ። ምስሉ ላይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ኢንዛይሙ ውስጥ 149ኛው አሚኖ አሲድ፣ ፌኒልአላኒን፣ የራሱ ቀለበት አለው። በሰላሙ ጊዜ በአንድ በኩል ተኝቶ የነበረው ይህ ቀለበት ዘጠና ዲግሪ ያህል ዞሮ፣ ለመጣው ቀለበት ቦታ ለቆ፣ ከእሱ ጋር ገጽ ለገጽ ተነባብሯል። የሰባው ሰንሰለት ሊቀመጥበት የሚገባው ስፍራ ተያዘ። ጥምረቱ ከገባ በኋላ በቀላሉ አይወጣም፤ ኢንዛይሙን ለማገድ ከናኖሞላር በታች የሆነ መጠን ይበቃዋል።

ሐኪም ለበሽተኛው ዐሥር አቶም ይሰጣል። ባክቴሪያው የራሱን ትልቅ ሞለኪውል ጨምሮበት፣ ለራሱ ኢንዛይም የሚገጥም መጠኑ የተለካ መሰናክል ሠርቶ ያበቃል። ያንን ጥምረት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቶ በኪኒን ማቅረብ ዋጋ የለውም፤ ትልቅና ኤሌክትሪክ የተሞላ ስለሆነ ያንን የሰም ግድግዳ አያልፍም። መግባት የሚችለው አይገድልም፤ የሚገድለው መግባት አይችልም። ይህን ቅራኔ የሚፈታው ደግሞ መካከል ላይ የቆመው ጋሻ ነው።

ሽፋኑን መሥራት ያልቻለ ባክቴሪያ ሲያድግ ይፈርሳል። ለዚህም ነው አይሶኒያዚድ በሕክምናው የመጀመሪያ ሁለት ቀን ከሁሉም በላይ ፈጣን የሆነው፤ በብዛት እየተራቡ ያሉትን ያጭዳል። ከዚያ ይቀዘቅዛል። ሳይራባ ያደፈጠው ባክቴሪያ ግድግዳ እየሠራ ስላልሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ሕክምናው ስድስት ወር የሚጎተትበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሥራውን ሳደንቅ ነውሩን ልደብቅ አይገባም። እኛ የካትጂ አምሳያ የለንም፤ አይሶኒያዚድ ግን በሰው ሰውነት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጨዋ ሆኖ አይቀመጥም። ጉበት ይለውጠዋል፤ አንዳንድ ሰው በዘር ፈጣን ለዋጭ ነው፣ አንዳንዱ ዘገምተኛ። አንዳንዱን ጉበቱን ይጎዳዋል። የእጅና የእግር ጣት መደንዘዝ እንዳያመጣም ቫይታሚን ቢ6 አብሮ ይሰጣል።

ስለ ሥራው ጥራት ይህን ሁሉ ያልኩለት ሞለኪውል ግን ሠሪው አላሰበውም። በ1912 ፕራግ በነበረው የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ማየርና ዮሴፍ ማሊ ለትምህርት ማሟያ ከሠሯቸው ውህዶች አንዱ ነበር። ስለ ቲቢ ያሰበ አልነበረም፤ ተጽፎ ተቀመጠ። አርባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በ1951 እና በ1952 ሦስት ኩባንያዎች፣ ሆፍማን ላሮሽ፣ ስኩዊብና ባየር፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ሦስቱም እሱው ላይ ደረሱ። በላሮሽ በኩል ኸርበርት ፎክስ የሚፈልገው ሌላ ውህድ ነበር፤ አይሶኒያዚድ ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ መሸጋገሪያ ነበር። መሸጋገሪያው ከመድረሻው በልጦ ተገኘ። በኒውዮርክ ስታተን አይላንድ በሚገኘው ሲቪው ሆስፒታል ሕመምተኞች ከአልጋ ተነሥተው የሚጨፍሩበት ፎቶግራፍ ጋዜጦችን አጥለቀለቀ። የ1912ቱ ጽሑፍ ቀድሞ ስለወጣ ሞለኪውሉን የእኔ ነው ብሎ በፓተንት ሊይዘው የቻለ አልነበረም፤ ርካሽ ሆኖ የቀረው ከዚህም የተነሣ ነው።

ከባየር በኩል የነበረው ሰው ገርሃርት ዶማክ ነበር። ይህ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው፤ ምክንያቱም በ1935 ፕሮንቶሲል የተባለውን ቀይ ቀለም ለዓለም ያስተዋወቀውም እሱ ነው። ፕሮንቶሲል በመስታወት ውስጥ ባክቴሪያን አይነካም፣ አይጥ ውስጥ ግን ያድናል። ምሥጢሩን የፈቱት ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ሰውነት ውስጥ ሲሰበር ሰልፋኒላማይድ ይወጣዋል። ያኔ ትምህርቱ ለሁሉም ክፍት ነበር። ቢሆንም የአይሶኒያዚድን ውስጥ ለማየት ከግኝቱ በኋላ አርባ ዓመት ፈጅቷል።

ፍንጩ ቀድሞ ታይቷል። በ1950ዎቹ ሚድልብሩክና ባልደረቦቹ አይሶኒያዚድን የተላመዱ የቲቢ ባክቴሪያዎችን ሲመረምሩ፣ ብዙዎቹ ፐሮክሳይድ የማርከስ ኃይላቸውን አጥተው አገኙ። የተላመዱት ባክቴሪያዎች በጊኒ ፒግ ላይም ደከም ያሉ ሆኑ። መድኃኒቱን የሚያነቃውን ጋሻ ወርውረው ከመድኃኒቱ አመለጡ፤ ጋሻ የሌለው ደግሞ ከነጭ ሴል አያመልጥም። በ1992 ዪንግ ዣንግና ባልደረቦቹ የካትጂን ዘረመል ለይተው፣ መጥፋቱ መላመድን እንደሚያመጣ፣ መልሰው ሲያስገቡትም መድኃኒቱ እንደገና እንደሚሠራ አሳዩ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ አይሶኒያዚድ ፍጹም ወጥመድ በሆነ ነበር፤ ማምለጫው ራሱ ሞት ነውና። ባክቴሪያው ግን የተሻለ ማምለጫ አገኘ። ከሕመምተኞች በተወሰዱ የተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ በብዛት የሚታየው ለውጥ ካትጂን አያጠፋውም። 315ኛው ቦታ ላይ ያለውን ሴሪን በትሪዮኒን ይተካዋል፤ በሁለቱ አሚኖ አሲዶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ያ ትርፍ ቡድን ወደ ሂሙ የሚያስገባው መተላለፊያ እጅግ በጠበበበት ቦታ ላይ ገባ ብሎ ይቆማል። መተላለፊያው ከስድስት አንግስትሮም ወደ አምስት ገደማ ይወርዳል፤ አንግስትሮም የሚሊሜትር ዐሥር ሚሊዮንኛ ነው። ሰው እንደልቡ እንዲያልፍ፣ ሶፋው ብቻ እንዳይገባ የበሩን መቃን ጠበብ እንደማድረግ ነው። ትንሿ ፐሮክሳይድ ታልፋለች፤ ጋሻው ይሠራል። ባለቀለበቱ አይሶኒያዚድ ግን በልኩ አይቀመጥም።

ይህን ሳነብ የትኛውን ወገን ማድነቅ እንዳለብኝ ይጠፋኛል። ሠሪ የሌለው መድኃኒት፣ ሠሪ በሌለው መላ ተረታ፤ ሁለቱም ግን የተካነ አንጥረኛ እጅ ያረፈባቸው ይመስላሉ።

በየሪፈራል ላቦራቶሪው ላይን ፕሮብ የሚባለውን ምርመራ ያየ ሰው ይህን ፍልሚያ በዓይኑ አይቷል። ጠባብ ነጭ ወረቀት ላይ መስመሮች ይወጣሉ፤ አንዱ ጓድ የካትጂ ነው፣ ሌላው የኢንኤችኤ። የካትጂው ጤናማ መስመር ጠፍቶ የለውጡ መስመር ከወጣ፣ መቃኑ ጠብቧል ማለት ነው። የኢንኤችኤው ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያው ዒላማውን አብዝቶ እየሠራ ነው፤ መጠን ከፍ ተደርጎ ከተሰጠ አይሶኒያዚድ አሁንም ሊጠቅም ይችላል። ሁለቱ መስመሮች ለሐኪሙ ሁለት የተለያየ ውሳኔ ይሰጡታል።

ስለ ፒራዚናማይድ ብዙ አልናገርም፤ አድናቆቴም ይቀንሳል። እሱም በባክቴሪያው ኢንዛይም ይጨረሳል፤ ዘረመሉን በ1996 ስኮርፒዮና ዣንግ አገኙት። የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ይህ ኢንዛይም በተፈጥሮው የተበላሸበት ስለሆነ ፒራዚናማይድ አይነካውም። ከተጨረሰ በኋላ የሚገኘው አሲድ ምን እንደሚያግድ ግን ሊቃውንቱ ለአሥርት ዓመታት ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል። ሥራው ያልጠራ፣ ለማየት የማይመች መድኃኒት ነው፤ ሕክምናውን ከዘጠኝ ወር ወደ ስድስት ያሳጠረውም እሱ ነው። ውበት ሁልጊዜ ከጥቅም ጋር አይሄድም።

ታዲያ ሰው አስቦ፣ አውቆ የሠራው አለ? አለ። በእንግሊዝ ዌልዊን ጋርደን ሲቲ የነበረው የሮሽ ቡድን በ1978 አላፎስፋሊንን አሳተመ። ያሰቡት እንዲህ ነው። ባክቴሪያ ለግድግዳው ዲ-አላኒን ያስፈልገዋል፤ እሱን የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያግድ፣ አላኒንን የሚመስል ፎስፎረስ ያለው ሞለኪውል አለ። ይህ ሞለኪውል ብቻውን ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። ስለዚህ ከእውነተኛ አላኒን ጋር አገጣጠሙት፤ ጥንዱ የምግብ ቁራጭ ይመስላል። ባክቴሪያው እንዲህ ያሉ ትንንሽ የፕሮቲን ቁራጮችን በፓምፕ እየሳበ ይበላል። ሳበው። ውስጥ ያለው ኢንዛይም እንደ ልማዱ ቆረጠው፤ አላኒኑን በላ፣ ሌላኛው ውስጥ ቀረ። መውጣትም አይችልም። ፓምፑ መሳቡን ስለማይተው ከውጭ ካለው ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ የበለጠ ውስጥ ይከማቻል።

ወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ንድፍ የለም። ለገበያ ግን አልደረሰም። ችግሩ ንድፉ ውስጥ ነበር፦ የተመረጠው በር ባክቴሪያው ሊዘጋው የሚችል፣ በአካባቢው ሌላ ምግብ ሲኖርም የሚጨናነቅ በር ነበር። ለመብላት ብዙ መንገድ አለ፤ አንዱን መተው ብዙም አያስርብም። ዛሬ አላፎስፋሊን በአንዳንድ ላቦራቶሪዎች ሳልሞኔላን ከሌላው ለይቶ ለማሳደግ በሚሠራ ማብቀያ ውስጥ ይገኛል፤ ለዚያ በቂ ነው።

ካትጂን ከዚህ ጋር ሳነጻጽር የፕሮድራግ ጥራት የሚለካበት ቦታ የት እንደሆነ ይገባኛል፦ ሥራውን የሚያሠራው ኢንዛይም ለባክቴሪያው ምን ያህል ውድ ነው? ፍላጅል ብለን የምንውጠው ሜትሮኒዳዞል በዚህ ልኬት ደህና ቦታ ያገኛል፤ የሚያነቃው ኤሌክትሮን ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ተሕዋስያን ኃይል ከሚያገኙበት መንገድ የሚወጣ ነው፣ ያንን መተው ኑሮን መተው ነው። በ2019 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ያጸደቀው ፕሪቶማኒድም በባክቴሪያው ኢንዛይም የሚጨረስ ነው። ኤፍ420 የተባለውን፣ በእኛ ውስጥ የሌለ ኮፋክተር የሚጠቀም የቲቢ ኢንዛይም ይከፍተዋል፤ ሲከፈት ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል። ከሌሎች ሦስት መድኃኒቶች ጋር ሆኖ ከ2022 ጀምሮ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በስድስት ወር ማከም አስችሏል።

አሁን ወደ ኢትዮናማይድ። በ1956 የተገኘ፣ በሽተኛና ነርስ እኩል የሚጠሉት መድኃኒት ነው። ያቅለሸልሻል፤ የሚያስታውከው ብዙ ነው፤ ብዙ ሰው ሕክምና ያቋረጠው በእሱ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም 424 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2019 የወጣው ስትሪም የተባለው ጥናት ከፈተናቸው መድኃኒቶች መካከል የእሱ ወንድም ፕሮቲዮናማይድ ነበረበት። አይሶኒያዚድ የማይሠራበት ቦታ ላይ ሊሠራ ስለሚችል ነው የገባው፤ ምክንያቱም መጨረሻው ያው ከኤንኤዲ ጋር ተጣብቆ ኢንኤችኤን ማገድ ቢሆንም፣ የሚያነቃው ካትጂ ሳይሆን ኢትኤ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው።

ኢትኤ ግን ሰነፍ ነው፤ ባክቴሪያው በጥቂቱ ነው የሚሠራው። ከ2000 ጀምሮ የወጡ ጽሑፎች ምክንያቱን አሳዩ፦ ኢትአር የሚባል ፕሮቲን ከዘረመሉ ፊት፣ ዲኤንኤው ላይ ስምንት ሆኖ ተጣብቆ ይቀመጥና እንዳይነበብ ያደርጋል። ባክቴሪያው በበቂ ስለማያነቃው ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ በሽተኛው ያስታውካል።

የሊል ከተማ ተመራማሪዎች፣ አላን ቦላርድ፣ ኒኮላ ዊላን፣ ቤኑዋ ዴፕሬና ባልደረቦቻቸው፣ ያዩትን ማየት የሚችል ሁሉ አያየውም። በ2004 የኢትአር ክሪስታል ምስል ሲወጣ፣ ፕሮቲኑ መሐል ባለው ረጅም ጠባብ ዋሻ ውስጥ ማንም ያልጨመረው ሞለኪውል ተጋድሞ ተገኘ፤ ሄክሳዴሲል ኦክታኖኤት የተባለ ሰም መሰል ነገር ነው። ፕሮቲኑን ሲያመርቱ አብሮ የገባ ነው። ሌላ ሰው እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ናሙናውን ያጥበው ነበር። እነሱ ግን ቅርጹን ለኩ። ኢትአር የሚቀመጠው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ዲኤንኤውን የሚይዘው በሁለት ክንዶች ነው። ያ ያልተጠራ እንግዳ ዋሻው ውስጥ ሲተኛ ሁለቱ ክንዶች ይራራቃሉ፣ ከዲኤንኤው ጠመዝማዛ ጋርም አይገጥሙም። ስለዚህ ይህን ዋሻ የሚሞላ፣ ሰም ያልሆነ፣ በኪኒን ሊሰጥ የሚችል ሌላ ሞለኪውል ቢሠራስ? ኢትአር ይለቃል፣ ኢትኤ ይበዛል፣ ባክቴሪያው ኢትዮናማይዱን ራሱ በትጋት ይጨርሰዋል።

ሠሩት። በ2009 ያሳተሙት ሞለኪውል ባክቴሪያን አይገድልም፤ ብቻውን ሲሰጥ ምንም የለውም። ከኢትዮናማይድ ጋር ሲሰጥ ግን በአይጥ ላይ በአንድ ሦስተኛ መጠን ያንኑ ውጤት አስገኘ። ለማስታወክ ሲቃረብ ለኖረ በሽተኛ አንድ ሦስተኛ ምን ማለት እንደሆነ ኪኒኑን የዋጠ ያውቀዋል።

ደካማ ጎኑም ወዲያው ታየ። ኢትኤ ለባክቴሪያው ውድ አይደለም፤ ከሕመምተኞች የተወሰዱ የተላመዱ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ዘረመሉን አበላሽተው ነው የሚገኙት። የተበላሸን ኢንዛይም ማብዛት አይጠቅም። ቡድኑ በ2017 ይዞት የመጣው ስማርት-420 መንገዱን ቀየረ። የቲቢ ባክቴሪያ ውስጥ ኢትዮናማይድን ሊያነቃ የሚችል፣ ግን ተዘግቶ የተቀመጠ ሌላ ኢንዛይም አለ፤ የራሱ ጠባቂ ፕሮቲንም አለው። ስማርት-420 ያንን ጠባቂ ያስለቅቃል። ኢትኤ የሌለው፣ መድኃኒቱን ፈጽሞ የረታ ባክቴሪያ ሌላኛው ኢንዛይሙ ተከፍቶ ራሱ መልሶ ያነቃዋል። መላመድን እንዲህ በግልጽ ወደ ኋላ የመለሰ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም።

የእጅ ሥራው ከዚያ በኋላም ተሻሽሏል። በ2022 የወጣው ስማርት751 ደግሞ ቪርኤስ በሚባል ተቆጣጣሪ በኩል ማይምኤ የተባለ ሦስተኛ ኢንዛይም ያነቃል። ማይምኤ ያለባቸውን ዘረመሎች ባክቴሪያው የሚያነሣሣቸው አሲድ ሲበዛበት፣ ማለትም ነጩ ሴል ውስጥ ሲጨነቅ ነው። የዚያ መስመር ልጅ የሆነው አልፒቤክቲር ከኢትዮናማይድ ጋር ተዳብሎ በሰዎች ላይ እየተሞከረ ነው። ብቻውን ቲቢን አያክምም፤ ሐኪም ብቻውን ሊያዝዘው የሚችልበት አንድም ምክንያት የለም። የተሠራው ባክቴሪያው ሌላውን መድኃኒት እንዲጨርስ ብቻ ነው።